የናቫሆ ልጆችና ባህላቸውን ያከበረ ትምህርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ናቫሆዎች ትምህርት ሲወራ የሚመላለሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረናቸዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ናቫሆዎች እነማን ናቸው?

ድሮ በአማርኛ «ቀይ ሕንዶች» እያልን በጅምላ ከምንጠራቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ራሳቸውን «ዲኔ» ይላሉ። ግዛታቸው ናቫሆ ኔሽን ይባላል። አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን ይነካል፤ ስፋቱ ወደ 71 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአሜሪካ ካሉት የነባር ሕዝቦች ግዛቶች በስፋት የሚስተካከለው የለም። ዋና ከተማው ዊንዶው ሮክ ነው። የራሳቸው ፕሬዚዳንት፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አላቸው።

የተመዘገቡት አባላት ቁጥር በ2021 ወደ 400 ሺህ ተጠግቷል። ሁሉም ግን እዚያ አይኖሩም። ሥራና ትምህርት ፍለጋ ፊኒክስ፣ አልበከርኪ፣ ፍላግስታፍ የገባው ብዙ ነው።

ባህልን ያከበረ ትምህርት ምንድን ነው? በዓመት አንዴ የባህል ልብስ ለብሶ መምጣት ነው?

አይደለም። ያ ፎቶ ለመነሳት ያምራል፤ ከዚያ አያልፍም። ቁም ነገሩ ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ቋንቋ፣ ዝምድናና ታሪክ ክፍል ውስጥ እንደ ዕውቀት መቆጠሩ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የናቫሆ ልጅ በወጉ ራሱን ሲያስተዋውቅ ከስሙ ቀጥሎ አራት ጎሳ ይቆጥራል። መጀመሪያ የእናቱን፣ እሱም የሚቆጠርበትን። ከዚያ የአባቱን፣ ከዚያ የእናቱን አባት፣ መጨረሻ ላይ የአባቱን አባት። የሚሰማው ሰው ወዲያው ያሰላል፦ «አሃ፣ እንግዲያው ወንድሜ ነህ»፣ ወይም «የልጅ ልጄ ነህ»። ይህ የዝምድና መረብ «ኬ» ይባላል። ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማ ላደገ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚያም ከራስ ጎሳ ማግባት ነውር ነው። አንድ መምህር የክፍሉን ዓመት በዚህ ቢጀምር ልጆቹ ገና በመጀመሪያው ቀን የማይተዋወቁ ተማሪዎች መሆናቸው ይቀራል፤ ዘመድ ይሆናሉ። መምህሩም ማን ለማን ምን እንደሆነ ያውቃል።

በእኔ አስተያየት ግን «ምን ይማራሉ?» ከሚለው «ማን ይወስናል?» የሚለው ይበልጣል። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ያርፋሉ።

ልጆቹ የሚማሩት በምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?

ነገሩ የተዘበራረቀ ነው። አብዛኞቹ የሚማሩት በግዛቶቹ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ማለትም አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ ወይም ዩታ በሚያስተዳድሯቸው። ሌሎቹ የፌዴራሉ መንግሥት የነባር ሕዝቦች ትምህርት ቢሮ ሥር ባሉት ይማራሉ። ቢሮው በመላ አገሪቱ ከ180 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉት፤ ሲሶ ገደማው የናቫሆ ነው። ከነዚህ አንዳንዶቹን ቢሮው ራሱ ያስተዳድራል፣ ሌሎቹን ደግሞ የአካባቢው ሰው የመረጠው ቦርድ በፌዴራል ገንዘብ ያስተዳድራል። የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ በ1902 የተከፈተው ሴንት ማይክል አንዱ ነው። ቻርተር ትምህርት ቤትም፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ ግን በልዩ ፈቃድ ራሱን ችሎ የሚሠራ፣ አለ።

የአንድ እናት ሦስት ልጆች በሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት ሊማሩ ይችላሉ። ሥርዓተ ትምህርቱም፣ ፈተናውም፣ የመምህሩ ፈቃድም ይለያያል።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት እዚያ እንዴት ገባ?

በሽንፈት ማግስት፣ በውል ተጽፎ። በ1864 የአሜሪካ ጦር ናቫሆዎችን ከአገራቸው ነቅሎ በእግር እየነዳ ምሥራቅ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ወዳለው ቦስኬ ሬዶንዶ ወሰዳቸው። ከ8 ሺህ በላይ ሰው እዚያ ታጎረ። ረሃብና በሽታ ብዙ ሰው ጨረሰ። ሰኔ 1 ቀን 1868 በተፈረመው ውል ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የዚያ ውል አንቀጽ 6 ስለ ትምህርት ነው። ናቫሆዎች ከ6 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለመላክ ተስማሙ። መንግሥት ደግሞ ለእያንዳንዱ 30 ልጅ አንድ ቤትና አንድ መምህር ሊሰጥ ቃል ገባ። መንግሥት ቃሉን እንደተጻፈው አልፈጸመም። ዛሬም የናቫሆ መሪዎች ለትምህርት ገንዘብ ሲከራከሩ ይህን አንቀጽ ይጠቅሳሉ። ችሮታ አንጠይቅም፣ የውል ዕዳ ነው ባዮች ናቸው።

ውሉን ከፈረሙት አንዱ ማኑዌሊቶ ነው። የጦር መሪ ነበር፤ በኋላ ግን ትምህርት ለወገኖቹ መወጣጫ መሰላል ነው ብሎ ተናገረ። እስካሁን አንድ የታወቀ የናቫሆ የትምህርት ድጋፍ የሚጠራው በስሙ ነው። ራሱም በቃሉ ጸንቶ ልጆቹን ፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ላከ። ከላካቸውም ታሞ የሞተበት አለ።

በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

የካርላይል መሥራች ሪቻርድ ፕራት በ1892 ዓላማውን ሳይደብቅ ተናግሮታል፦ በውስጡ ያለውን ኢንዲያን ግደል፣ ሰውየውን አድን። ሥራው እንደ ቃሉ ነበር። ልጁ እንደገባ ጸጉሩ ይቆረጣል። ልብሱ ይወሰዳል። የእንግሊዝኛ ስም ይሰጠዋል። በቋንቋው ሲናገር ከተያዘ ይቀጣል። ወላጆችም ዝም አላሉም። በዚያው በ1892 አንድ የመንግሥት ወኪል ልጆች ሊሰበስብ ራውንድ ሮክ ሲሄድ ብላክ ሆርስ የተባለ የናቫሆ መሪ ከሰዎቹ ጋር ጠብቆ ክፉኛ ደበደበው።

የታሪክ ምፀት የሚባለው የመጣው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942፣ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር 29 የናቫሆ ወጣቶችን ሰብስቦ በናቫሆኛ ላይ የተመሠረተ የምሥጢር መልእክት አሠራ። በኋላ ቁጥራቸው ወደ 400 ደረሰ። ጃፓኖች ኮዱን ሊፈቱት አልቻሉም። ከ29ኙ መጨረሻ የሞተው ቼስተር ኔዝ ልጅ ሳለ በቋንቋው በመናገሩ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ አፉን በሳሙና ታጥቧል።

የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳዩን በይፋ መመርመር የጀመረው በ2021 ነው። በ2024 የወጣው ሪፖርት በመላ አገሪቱ 417 እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች እንደነበሩና ቢያንስ 973 ልጆች እንደሞቱባቸው ገለጸ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ባይደን አሪዞና ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ታዲያ ዛሬ ናቫሆ አያት የልጅ ልጇ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ካልተገኘች፣ «ለትምህርት ግድ የላትም» ከማለት በፊት እሷ ራሷ ትምህርት ቤት የምታውቀው በምን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ራፍ ሮክ የሚባለው ትምህርት ቤት ለምን ደጋግሞ ይነሳል?

በአሜሪካ ታሪክ የነባር ሕዝብ ማኅበረሰብ ራሱ ያስተዳደረው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ስለሆነ። አሪዞና ውስጥ በ1966 ተከፈተ። ቦርዱ ከአካባቢው ተመረጠ። አባላቱ በግ አርቢዎችና ሽማግሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ቀለም አልቆጠሩም ማለት ይቻላል። መምህር የሚቀጥሩት፣ በጀት የሚያጸድቁት ግን እነሱ ነበሩ። ስብሰባው በናቫሆኛ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ትምህርት ቤት ሲመራ ዋሽንግተን ውስጥ ያሳሳቀው አልጠፋም።

በራፍ ሮክ ወላጆች ማደሪያው ውስጥ ተቀጠሩ። ሽማግሎች ማታ ማታ እየመጡ ለልጆቹ ታሪክ ይነግሩ ነበር። ሽመና እንደ ማንኛውም ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተሰጠው። የናቫሆ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ ማዕከል ተቋቋመ። ከዚህም አልፎ ወጣቶች ከአረጋውያን የመድኃኒት አዋቂዎች ሥር ሆነው ሥርዓቶቹን የሚማሩበት ፕሮግራም ተከፈተ፤ ያውም ከፌዴራሉ የአእምሮ ጤና ተቋም በተገኘ ገንዘብ።

ችግሩም እዚያው ተወለደ። ገንዘቡ የሚመጣው ከዋሽንግተን በየዓመቱ እየተለመነ ነበር። አንድ ፕሮግራም እግር ሲያወጣ በጀቱ ያልቃል፣ መምህሩ ይሄዳል፣ ሌላ ይጀመራል። ቦርዱ የእነሱ ሆነ፤ ካዝናው ግን አልሆነም። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ።

ዩኒቨርሲቲ ደረጃስ የራሳቸው ተቋም አላቸው?

አላቸው። በ1968 የናቫሆ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በአሜሪካ በነባር ሕዝብ የተመሠረተ የመጀመሪያው ኮሌጅ ነው። አሁን ዲኔ ኮሌጅ ይባላል። ዋናው ግቢ ጻይሌ ነው። ማዕከላዊው ሕንፃ የናቫሆዎችን ባህላዊ ቤት፣ ሆጋንን፣ መልክ ይዞ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ተሠርቷል።

የኮሌጁ ትምህርት በአራት ደረጃ ይሄዳል፦ ማሰብ፣ ማቀድ፣ መኖር፣ ከዚያ ያደረጉትን መርምሮ እርግጠኛ መሆን። አራቱ ከምሥራቅ ጀምረው ፀሐይ በምትዞርበት አቅጣጫ ከአራቱ ማዕዘናት ጋር ይያያዛሉ። ብዙ የናቫሆ ትምህርት ቤቶችም የዕለት ትምህርታቸውን በዚህ ቅደም ተከተል ያዘጋጃሉ። እውነት ለመናገር አንዳንዱ ቦታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ከመሆን አያልፍም።

ናቫሆኛ ከባድ ነው ይባላል። ሰው ሊማረው ይችላል?

ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ በአንድ ነገር ይቀድማል። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያንገዳግዱት የናቫሆኛ ፈንጂ ድምፆች እኛ አፍ ውስጥ አሉ፦ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ። ከዚያ በኋላ ግን እኩል ነን። ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉም ይለወጣል። ግሡም ጉድ ነው። «ስጠኝ» ለማለት የሚሰጠው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ገመድ መሰል ረጅም ነገር፣ ብርድ ልብስ መሰል የሚታጠፍ ነገር፣ ዕቃ ውስጥ ያለ ነገር፣ ሕይወት ያለው ነገር እያንዳንዱ የራሱ ግሥ አለው።

የአጻጻፍ ሥርዓቱ መልክ የያዘው በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ነው፤ ሮበርት ያንግና ናቫሆው ዊሊያም ሞርጋን ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ከ1943 እስከ 1957 በናቫሆኛ የሚታተም ጋዜጣም ነበር። ዛሬ ስልክ ላይ መጀመር ለሚፈልግ ዱኦሊንጎ ከ2018 ጀምሮ የናቫሆኛ ትምህርት አለው፤ አጭር ነው፣ ለማሟሟቂያ ይሆናል።

የዛሬ ልጆች ቋንቋውን ይናገራሉ?

ጥቂቶቹ። ናቫሆኛ 170 ሺህ ገደማ ተናጋሪ አለው ሲባል ሰው ይረጋጋል፤ ከሜክሲኮ ወደ ሰሜን ካሉት ነባር ቋንቋዎች ብዙ ተናጋሪ ያለው እሱ ነው። ዕድሜያቸውን ሲያዩት ግን ልብ ይወርዳል። በ1960ዎቹ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ከሞላ ጎደል ሁሉም ናቫሆኛ ይዞ ይመጣ ነበር። በ1986 ፎርት ዲፋያንስ በምትባል የናቫሆ ኔሽን ከተማ ሲጣራ ቋንቋውን በደንብ የሚናገረው የአምስት ዓመት ልጅ ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም።

እንዴት በአንድ ትውልድ? አዳሪ ትምህርት ቤት የተደበደቡት ወላጆች ልጄ እንደኔ አይሁን ብለው ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ አወሩ። ቴሌቪዥንና ከተማ ቀሪውን ጨረሱት። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ቴል አቪቭ ያለ የእኛ ወላጅ «ይሰማል፣ ግን አይመልስም» የሚለው ዓይነት ልጅ እዚያም ሞልቷል። ልዩነቱ ከባድ ነው፤ አማርኛ የቀረበት ልጅ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሄዶ ሊማረው ይችላል። ናቫሆኛ የሚነገርበት ሌላ አገር የለም።

በናቫሆኛ ቢማሩ እንግሊዝኛቸው አይበላሽም?

ይህ ጥያቄ ከወላጆችም ይመጣል፣ ከባለሥልጣንም። ሁለት የታወቁ ልምዶች አሉ። በ1970ዎቹ ሮክ ፖይንት ትምህርት ቤት ልጆቹ ማንበብን መጀመሪያ በናቫሆኛ እንዲማሩ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ እንዲጨምሩ አደረገ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ የእንግሊዝኛ ንባባቸው ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ ከተማሩት የናቫሆ ልጆች በልጦ ተገኘ።

ፎርት ዲፋያንስ ደግሞ በ1986 ሌላ መንገድ ጀመረ፤ ልጆቹ እንግሊዝኛ ይዘው ስለሚመጡ ታችኛው ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ከሞላ ጎደል በናቫሆኛ ሆነ። ወላጆች ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር በናቫሆኛ ጊዜ ለማሳለፍ ቃል መግባት ነበረባቸው። አራተኛ ክፍል ላይ ልጆቹ በአካባቢው የእንግሊዝኛ መመዘኛ ከሌሎቹ እኩል ሆኑ፣ በሒሳብ በለጡ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተማሩት ልጆች ግን ይዘው የመጡት ጥቂት ናቫሆኛ እንኳ ጠፋባቸው።

መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ልጁን ወደዚህ ክፍል የሚልክ ወላጅ ቀድሞውኑ የተጋ ወላጅ ነው፤ ውጤቱ ሁሉ የፕሮግራሙ ነው ማለት አይቻልም። እንግሊዝኛን ጎዳ የሚል ማስረጃ ግን ከነዚህ አልወጣም። ይህም ሆኖ አሪዞና በ2000 በሕዝበ ውሳኔ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ሕግ አጸደቀች። የሕጉ ዒላማ በዋናነት ስፓኒሽ ነበር። በማግስቱ ዓመት የግዛቷ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነባር ሕዝቦችን ሉዓላዊነት ጠቅሰው የሰጡት አስተያየት ለናቫሆ ፕሮግራሞች በር ከፈተ።

ሒሳብና ሳይንስስ በባህል ይማራል?

ይማራል፤ በግድ ካልተጎተተ። የናቫሆ ሸማኔ ወረቀት ላይ ንድፍ ሳትሥል ምንጣፉን ግራና ቀኙ እኩል አድርጋ ታወጣለች። ድርና ማጉን እየቆጠረች ነው። ለጂኦሜትሪ መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በ2012 የተጀመረው የናቫሆ የሒሳብ ክበብም የሒሳብ ሊቃውንትን ከናቫሆ ተማሪዎች ጋር አገናኝቷል፤ የክረምት ካምፑ ዲኔ ኮሌጅ ነው። እዚያ የሚሠሩት ከባድ እንቆቅልሾችን ነው፣ «ቀለል ያለ ሒሳብ» አይደለም።

ለሥነ ሕይወት ደግሞ በግ አለ። በግ ማረድና መበለት ለናቫሆዎች ትልቅ ሙያ ነው። ሚስ ናቫሆ ኔሽን ለመሆን የምትወዳደር ወጣት ከመዋኛ ልብስ ትርኢት ይልቅ የሚጠብቃት በግ ነው፤ አርዳ፣ ገፍፋ፣ በየብልቱ አውጥታ ታሳያለች፣ ጥያቄም በናቫሆኛ ትመልሳለች። በግ ሲበለት እያየ ያደገ ልጅ ጨጓራ፣ አንጀትና ሳንባ የት እንዳሉ፣ ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። መምህሩ መጀመር ያለበት ልጁ ከሚያውቀው ነው።

ከሌላ ቦታ የሚመጣ መምህር ምን ማወቅ አለበት?

ብዙዎቹ መምህራን የውጭ ሰዎች ናቸው። ከሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች፣ ከፊሊፒንስ ሳይቀር ይመጣሉ። መሬቱ የማይሸጥ የማይለወጥ ስለሆነ ቤት መግዛት አይችሉም፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በተሠራ የመምህራን መኖሪያ ያድራሉ። ከተማሪው ቤት ሳይደርሱ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል።

በክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳትባቸው ጥቂት ነገሮች እነሆ። የቀበሮ መሰሉ የኮዮቴ ተረትና የክር ጨዋታ የክረምት ናቸው፤ እባብና ድብ በተኙበት፣ መብረቅ ባልጀመረበት ወቅት ብቻ። ግንቦት ላይ የኮዮቴን ተረት መጽሐፍ የሚያነብ መምህር አያትን ያሳዝናል። ጉጉት ክፉ ምልክት ናት። የሕፃናት ክፍልን በሚያማምሩ የጉጉት ሥዕሎች ማስጌጥ፣ ወይም በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጉጉት የተፋችውን የአጥንት ድብልብል ማስፈልፈል አይሆንም። የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ቤት ገብቶ መቀመጥ ነው፤ አይታይም፣ አይበላም፣ አይጠጣም። ጥቅምት 14 ቀን 2023 ግርዶሽ ሲያልፍ ዓለም ወደዚያ ሲጎርፍ ናቫሆ ኔሽን ሞኑመንት ቫሊ የተባለውን ታዋቂ የጎብኚ ሸለቆውን ለሰዓታት ዘጋ። ለተማሪዎቹ የግርዶሽ መነጽር ያዘጋጀ መምህር ቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር።

ሌላው ኪናልዳ ነው፤ ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚደረግላት የአራት ቀን ሥርዓት። ጎህ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች፣ በቆሎ ትፈጫለች፣ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚጋገር ትልቅ የበቆሎ ኬክ ታዘጋጃለች። እነዚያን ቀናት ቀሪ ብሎ ቀይ ብዕር መሳብ ያሳፍራል። በተረፈ ልጁ ዓይን ዓይንህን ካላየ አክብሮህ ነው። በጣት ሳይሆን በከንፈር ሊጠቁምህ ይችላል። ይህን ሁሉ ደግሞ ሁሉም ቤተሰብ እኩል አይጠብቀውም፤ በአንዱ ቤት ከባድ ነውር የሆነው በሌላው ቤት ቀልድ ነው። ቤተሰቡን መጠየቅ ነው መፍትሔው።

«የናቫሆ ልጆች ዝምተኛ ናቸው፤ በማየት ነው የሚማሩት» ይባላል። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ክፍል ውስጥ አደገኛ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሃዋይ ነባር ልጆች ተዘጋጅቶ የተሳካ የንባብ ፕሮግራም ወደ ራፍ ሮክ መጣ። አልሠራም። የሃዋይ ልጆች ወንድና ሴት ተቀላቅለው በአራትና በአምስት ሲቀመጡ ይሟሟቃሉ። የናቫሆ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው፣ ወንዱ ከወንድ ሴቷ ከሴት ሲሆኑ ይሻላቸዋል። ታሪኩን እየቆራረጡ ከመወያየትም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው መስማት ይወዳሉ። መምህሩ ጠይቆ ትንሽ ረዘም አድርጎ ሲጠብቅ መልስ ይመጣል። «ነባር ሕዝብ» የሚባል አንድ ዓይነት ተማሪ እንደሌለ ከዚህ በላይ ግልጽ ያደረገ ነገር አላውቅም።

ከዚያ ግን ይህ ግኝት ራሱ ሳጥን ሆነ። «አይናገሩም» ተብሎ ልጆቹን የሚያናግር ጠፋ፤ ሥራው ሁሉ ሙላና አዛምድ ሆነ። በዚያው በራፍ ሮክ በኋላ የተሠራ ጥናት ተቃራኒውን አሳየ። ስለሚያውቁት ኑሮ፣ ስለ በጎቻቸው፣ ስለ አካባቢያቸው ውሃ እውነተኛ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ልጆቹ ይከራከሩ፣ ይገምቱ፣ እጃቸውን ያወጡ ጀመር።

ክርስቲያን የሆነ የናቫሆ ወላጅ ልጁ የአባቶችን ሥርዓት እንዲማር ይገደዳል?

ናቫሆዎች ውስጥ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንት፣ ሞርሞን፣ የነባር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ተከታይ፣ የአባቶችን መንገድ የያዘም አለ። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ክርክሩ የቤተሰብ ክርክር ነው። አንዳንድ ወላጆች ቋንቋውን ያስተምሩልን፣ ሥርዓቱን ግን ይተዉልን ይላሉ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሄዱበት መንገድ ዝምድናን፣ ታሪክን፣ ቋንቋንና ምግባርን ክፍል ውስጥ ማስተማር፣ ጸሎቱንና የፈውስ ሥርዓቱን ለቤተሰቡ መተው ነው። የሚገርመው የአባቶችን መንገድ አጥብቀው የያዙትም እንዲሁ ይላሉ፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው። የተቀደሰ ነገር በደወል ተጀምሮ በደወል አያልቅም። ቋንቋውን ከሥርዓቱ መለየት አይቻልም የሚሉም አሉ። የእነሱም ነጥብ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ እያለ ውጤታቸው ለምን ዝቅተኛ ሆነ?

ምክንያቱ ከባህል በፊት መንገድና ገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚቆመው በከፊል በአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ነው። የናቫሆ መሬት ፌዴራሉ መንግሥት በአደራ የያዘው ስለሆነ ግብር አይከፈልበትም። ማካካሻ የሚሰጥ የፌዴራል ድጎማ አለ፤ ሕንፃ ለማደስ ግን አይበቃም። መንገዱ አብዛኛው አስፋልት የለውም። በረዶ ሲቀልጥ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ከቤቶቹ ሲሶ ያህሉ የቧንቧ ውሃ የላቸውም። በ2020 ኮቪድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች የቤት ሥራ ለመላክ ኢንተርኔት ያለበት ሕንፃ በር ላይ መኪና ውስጥ ይቀመጡ ነበር።

ለውጥ ብዙ ጊዜ የመጣው በክስ ነው። ዩታ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር በየቀኑ በአውቶቡስ እጅግ ሩቅ መንገድ የሚመላለሱ የናቫሆ ልጆች ቤተሰቦች በ1970ዎቹ ከሰሱ፤ በስምምነቱ መሠረት አቅራቢያቸው ሁለተኛ ደረጃ ተሠራ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ጋላፕ የምትኖር ዊልሄልሚና ያዚ የተባለች ናቫሆ እናት ከሌሎች ወላጆች ጋር ግዛቷን ከሰሰች። በ2018 ዳኛ ሳራ ሲንግልተን ግዛቷ ለነባር ሕዝቦች ልጆችና ለሌሎችም ሕገ መንግሥቱ የሚያዘውን በቂ ትምህርት አልሰጠችም ብለው ፈረዱ። ቋንቋና ባህል ያገናዘበ ትምህርት አለመኖሩም የበደሉ አካል ተደርጎ ተቆጠረ። ፍርዱ በሥራ ላይ ውሏል ወይስ አልዋለም የሚለው ክርክር ግን ከዚያም በኋላ ቀጥሏል።

ከተማ የሚኖሩትስ ልጆች?

ለእነሱ ይከብዳል፤ በየክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ሆነው ይበተናሉ። ከጥሩ ምሳሌዎቹ አንዱ ፍላግስታፍ ያለው ፑዌንቴ ደ ሆዦ ነው። በ2001 የተጀመረ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሲሆን ናቫሆኛ፣ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ አንድ ግቢ ውስጥ ይማሩበታል። ስሙም ግማሹ ስፓኒሽ፣ ግማሹ ናቫሆኛ ነው።

በሌላው ቦታ ትግሉ በትናንሽ ነገር ላይ ነው። ተማሪ ሲመረቅ ቆቡ ላይ የንስር ላባ ያድርግ ወይስ አያድርግ? ብዙ ትምህርት ቤቶች ይከለክሉ ነበር። አሪዞና በ2021 ነባር ሕዝቦች የባህል ልብሳቸውንና ጌጣቸውን ለብሰው እንዲመረቁ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በሕግ መፈቀድ ያለበት ነገር መሆኑ ራሱ ይገርማል።

ናቫሆኛና ባህሉን ማን ያስተምር? ማንስ ይወስናል?

በ2005 ናቫሆ ኔሽን የትምህርት ሉዓላዊነት ሕጉን አወጣ። የራሱ የትምህርት መምሪያ አለው። የናቫሆ ቋንቋ፣ ባህል፣ ታሪክ፣ መንግሥትና ምግባር በየክፍሉ ምን ያህል መታወቅ እንዳለበት የሚወስን ስታንዳርድም አዘጋጅቷል። ግን የግዛቶቹን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ማዘዝ አይችልም፤ አብዛኛው ልጅ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ማስማማት፣ መለመን፣ መፈራረም ነው ሥራው።

አንድ ነገር ግን ተሳክቷል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቋንቋውን የሚያስተምር ሰው ቋንቋውን ለመቻሉ የሚመሰክረው የራሱ ሕዝብ ነው፤ ግዛቷም በዚያ ላይ ተመሥርታ የማስተማር ፈቃድ ትሰጣለች። ዲግሪ የሌላት አያት በዚህ መንገድ መምህርት ሆና ደመወዝ ታገኛለች። ልጆቹ ሺማሳኒ፣ አያቴ፣ ብለው ይጠሯታል።

ቋንቋውን የማይችል ልጅ ናቫሆ አይደለም ማለት ነው?

ይህ የሚያቆስል ጥያቄ ነው። በ2014 አደባባይ ወጥቷል። ክሪስ ደሺኒ ለናቫሆ ኔሽን ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ለመጨረሻው ዙር አለፈ። ሕጉ ግን ፕሬዚዳንት ናቫሆኛን አቀላጥፎ መናገር አለበት ይል ነበር። የችሎታ ጥያቄ ተነሣበት፣ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ከውድድሩ ተሰረዘ። ወጣቱ ተቆጣ፦ ቋንቋውን የነጠቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ አሁን ደግሞ ስለተነጠቅን እንቀጣ? ሽማግሎቹ መለሱ፦ መሪያችን አያቶቻችንን በአስተርጓሚ ሊያናግር ነው?

በ2015 ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ብዙኃኑ እጩው ቋንቋውን በበቂ ሁኔታ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን መራጩ ራሱ ይፍረድ አለ። በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ጥያቄው ከፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ልጁን ለፎርት ዲፋያንስ ዓይነት ክፍል ያስመዝግብ ወይስ አያስመዝግብ የሚለውም የሚወሰነው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።